የእትዬ የሺ ምስር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ስለ ጾሙም ስለ ሐሜቱም ተናዝዣለሁ፤ የምስሩን ነገር ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

እንጅባራ ተቀጥሬ ቤት የተከራየሁ ጊዜ ሱቅ ማወዳደር ሱሴ ነበር። አስፋልቱ ዳር ያለው ሱቅ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ሚዛኑ ግን ያሳማል። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ዕቃው ምርጥ ነው፣ ግን በዚያ ጭቃ ደርሶ መመለስ ጫማ ይጨርሳል፤ በባጃጅ ከሄዱ ደግሞ ቅናሹን ባጃጁ ይበላዋል። እትዬ የሺ ደጃችን ላይ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ዋጋቸው ደህና፣ ምስራቸውን ራሳቸው በሰፌድ አበጥረው የሚሸጡ፣ ምራቂ ሳይጨምሩ ማንንም የማይሸኙ። ጎረቤቱ ታዲያ የትኛው ሱቅ እንደሚሻል እኔን ይጠይቅ ነበር።

እኔስ ምን አልሁ? ስኳር በጠፋበት ሰሞን እትዬ የሺ ጥቂት ጥቂት ያገኙ ነበር። ገዢ ከበዛ ለእኔ አይተርፍም ብዬ ፈራሁ። በሰፈራችን ማኅበር ቀን፣ ጠላዬን ይዤ፣ «የእትዬ የሺ ምስር ጠጠር አለው፤ ጥርሴን ሊያወልቀው ነበር» አልሁ። እኔው አልሁ! ጉንጬንም ይዤ አሳየሁ። መቼም ሆድ ክፉ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ በዝናብ እስከ መናኸሪያው ይመላለስ ጀመር። እኔ ሻዬን በስኳር እየጠጣሁ በመስኮት አያቸዋለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ የሺ ስኳሬን ከነምራቂው እየቋጠሩ፣ «ሰው ሁሉ ሸሸኝ ልጄ፤ ምን በደልኋቸው? አንተ ባትኖር ይኸን ሱቅ ዘግቼ ግምጃ ቤት ከተማ እህቴ ዘንድ እገባ ነበር» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ታዲያ እውነቱን ተናገርሁ? የት አባቴ! ቤት ለቤት ዞሬ፣ «እትዬ የሺ ምስሩን ቀይረውታል፤ አሁንስ ጠጠር የለውም» አልሁ። በውሸት ላይ ውሸት። ሰው ተመለሰ፣ ስኳሩም እንደፈራሁት ወዲያው አለቀ። ሻዬን መራራውን ጠጣሁ፤ ይበለኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። እትዬ የሺ በማርያም ዝክራቸው ቀን ከንስሐ አባቴ ጎን አስቀመጡኝና፣ «ሁሉ ሲከዳኝ ያልከዳኝ ይኸ ልጅ ነው!» ብለው በሰው ፊት መረቁኝ። ጎረቤቱ አሜን አለ። እኔም አላፍር፣ አሜን አልሁ። ጾም ነበርና የቀረበልን ምስር ወጥ ነው፤ ደጋግሜ አስጨመርሁ።

ማመካኛ የለኝም። ያን ሁሉ ጭቃ በከንቱ ያስረገጥኋችሁ ጎረቤቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። እትዬ የሺ፣ እርስዎን ይቅርታ ከመለመኔ በፊት ግን ያኔ በሰው ፊት ልናገረው የሚገባኝን ልንገርዎ፦ ምስርዎ አንድም ቀን ጠጠር ተገኝቶበት አያውቅም።