በካርዱ ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክት

በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ አለሁ። ከውጭ አገር ለአሥር ቀን የመጣችው ልጄ አለች። አፍንጮ በር ባለው ቤቷ ያስጠጋችኝ ታናሽ እህቴ አለች። ጊዮርጊስ ሥር በነበረው ግቢያችን ግድግዳ ተጋርተን አርባ ዓመት አብረን የኖርነው ጎረቤቴ አለች፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ስለገባች ሦስት ታክሲ ቀያይራ ነው የመጣችው። ልጄን ፊደል ያስቆጠሯት ጡረተኛ አስተማሪም ከዘራቸውን ይዘው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አምስት ነን። ወንዱን ልጄን ልቁጠረው ወይስ ልተወው አላውቅም፤ የሞተው በአንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ብርጭቆ ሳወጣ አንድ አስበልጣለሁ። ያን ቀንም ለሻይ ያቀረብኩት ስድስት ብርጭቆ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ልጄ ጻፊው ስላለችኝ ነው።

ልጄ ሐኪም ናት። እዚሁ ተምራ፣ ነጭ ጋወን ለብሳ ሁለት ዓመት ሠርታ ነው የሄደችው። የሄደችበት አገር ዲግሪዋን አልተቀበላትም፤ እንደገና ተፈተኚ አሏት። እስክትፈተን ድረስ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ስታጥብና የአይጦች ሳጥን ስትጠርግ ቆየች። ያኔ አልነገረችኝም። በስልክ ሥራ እንዴት ነው ስላት፣ «ንጹሕ ነው እማዬ» ትለኝ ነበር። ስሟን አስተካክሎ የሚጠራት ሰው ያገኘችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ተፈትና አለፈች፤ ሐኪምም ሆነች። ከዚያ በኋላ ደግሞ በገዛ ፈቃዷ ተመልሳ ወደዚያው ላቦራቶሪ ገባች።

«በሽተኛ ማከሙ አልበቃሽም?» አልኳት።

«አንድ ጥያቄ አለብኝ» አለችኝ።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። የሰጠኋት እኔ ነኝ። «ወንድሜ የኩፍኝ ክትባት ተወግቶ ለምን በኩፍኝ ሞተ?» ጥያቄዋ ይኸው ነው። መድኃኒቱ በመንገድ ላይ ሞቆ ይሆን? መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ውስጥ ተበላሽቶ ይሆን? ከዚህ ተነስታ ሙቀት የማያበላሸውን ክትባት ስትፈልግ ኖረች። ሁለት ጊዜ አልሆነም ተብሎ ሥራው ተዘጋባት። ሁለቱንም ጊዜ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ ክትባቱ ሠራ፤ ፍሪጅ የሌለበት አገር ድረስ ሄዶ ልጆች ተወጉት። በሥራ ጠረጴዛዋ ትይዩ የወንድሟ የክትባት ካርድ ኮፒ ተለጥፏል። ሌላ የሚለጠፍ የለም። ፎቶ ሳናስነሳው ነው የሞተው።

ዋናውን ካርድ እኔ ነበርኩ የማስቀምጠው፤ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር።

ያን ቀን መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። ጎረቤቴ ቦምቦሊኖዋን በሻይ እያጠቀሰች፣ «ዶክተርዬ፣ አይጥ ትወጊያለሽ አሉ፣ እውነት ነው?» አለቻት።

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«በይ እኔ ጋ ነይልኝ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ የሚወጣ አይጥ አለ። እሱን ካልወጋሽልኝ ምኑን ተማርሽው!»

«እሱማ ጤነኛ ነው፤ ምን ያስወጋዋል?» አሉ አስተማሪው። «እኔ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳልደርስ ነው የምቀመጠው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ቦምቦሊኖውን ይጨርሱ፤ ለአይጡ ሊያስተርፉለት ነው?» አለች እህቴ።

ልጄ እየሳቀች ተነስታ ሳጥኔን ከፈተች። በማግስቱ አምስት ኪሎ ለወጣት ሐኪሞች ንግግር ነበራት፤ ዋናውን ካርድ ይዛ መሄድ ፈለገች። ፕላስቲኩን ስትፈታ ስድስተኛውን ብርጭቆ ላነሳ ተነሳሁ።

«እስኪ አንብቢልን» አሏት አስተማሪው። «ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ እንዳነበብሽው።»

አነበበች። የተወለደበት፣ የተመዘነበት፣ የተወጋበት ቀን። የካርዱ የመጨረሻ ሳጥን፣ የኩፍኙ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት። «ሌሎቹ በሰማያዊ ነው የተጻፉት፤ ይሄ በአረንጓዴ ነው። ሌሎቹ ላይ የመድኃኒቱ ቁጥር አለ፤ እዚህ ላይ የለም። ነገ የማሳያቸው ይህን ነው። ነርሷ ቁጥሩን ለመጻፍ እንኳ አልተጨነቀችም። ፍሪጁን አይታ ይሆን? እንጃ። የግድ የለሽ ሰው እጅ ሕፃን ይገድላል ነው የምላቸው።»

ያን ጊዜ ስድስተኛውን ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። ልጁ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ሳል ያዘውና ሰባት ቀን ጸበል ላስጠምቀው ጀመርኩ። የክትባቱ ቀጠሮ የዋለው በአምስተኛው ቀን ነው። ጸበል የጀመረ ሰው ሳይጨርስ መርፌ አይነካም ይባል ነበር፤ በእኛ ቤት ይህ የሚደፈር ነገር አልነበረም። ቀጠሮ ማሳለፍም ፈራሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርዷ ላይ ምልክት የጎደለባትን እናት አስቁመው በሰው ፊት ይወቅሷት ነበር። እኔ ኮቴ ስሰማ የምደነግጥ ሴት ነኝ። ሁለቱንም ፈራሁና ለሁለቱም የሚሆን ዘዴ አበጀሁ።

ነርሷ ወጣት ነበረች። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ በግራ እጇ ትጽፋለች። የምትወጋውን ሕፃን ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ «የኔ አለቃ» ነበር የምትለው። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቄ ገባሁ።

«ሲስተር፣ ልጁ ጸበል ላይ ነው። የቀረው ሁለት ቀን ነው። ምልክቱን ያድርጉልኝና ማክሰኞ አመጣዋለሁ።»

«እንዲህ አይደረግም እኮ፣ እትዬ።»

«በጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ።»

ልጁን አየችው። እየሳለ ነበር። «ማክሰኞ?» አለች።

«ማክሰኞ።»

«ካልመጡ እኔ ነኝ የምጠየቀው።» ሰማያዊው እስክሪብቶ መዝጋቢው ጋ ስለነበር ከጋወኗ ኪስ የራሷን አረንጓዴ አውጥታ ሳጥኑን ሞላች። የመድኃኒት ቁጥር አልጻፈችም፤ የተከፈተ መድኃኒት አልነበረምና። ከዚያ ወደ ልጁ ጎንበስ ብላ፣ «ማክሰኞ እንገናኛለን፣ የኔ አለቃ» አለችው።

ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ልጄ ታመመችብኝ። ከዚያ በኋላ ካርዱን ባወጣሁ ቁጥር ሳጥኖቹ ሁሉ ሞልተው አያቸዋለሁ። ደጋግሜ ሳየው ልጁ የተወጋ እየመሰለኝ ሄደ። አንድ ቀን ነርሷን ከጊዮርጊስ በር ላይ አገኘኋት። «አለቃዬ የት አለ?» አለችኝ። «አመጣዋለሁ፣ ሲስተር» አልኳት። ሳትቀየመኝ፣ እያሰበች ነበር የተለየችኝ።

በአምስተኛው ወር ኩፍኝ ግቢያችን ገባ። ልጄ በስምንተኛው ቀን ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ እያለን ነርሷ መጣች። ከጥቁር ነጠላዋ ሥር ጋወኗ ይታይ ነበር፤ ከሥራ ነው የመጣችው። ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከለቀስተኛው መካከል አንዱ፣ ልጁ ተከትቦ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሴት ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ማንበብ ከቻለች ገና መንፈቋ ስለነበር ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ሮጣ ካርዱን አመጣችና በሰዉ ሁሉ መካከል ቆማ አነበበች። «ተከትቧል! ይኸው ተጽፏል!»

ጎረቤቴ ወደ በሩ ዞረች። «ታዲያ ምን ወጋሽው? ውኃ ነው የወጋሽው?»

ነርሷ አልመለሰችላትም። እኔን አየች። አሁን ትናገራለች ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። በነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ትታየኝ ነበር። እየጠበቀችኝ ነበር። እኔ እንድናገር ዕድል ሰጥታኝ ቁጭ አለች። እህቴ ንፍሮ ስታዞር እሷን ዘለለቻት። ቆይታ ቆይታ ተነሳች፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችና ወጣች።

ወር ሳይሞላ በወንበሯ ላይ ሌላ ነርስ ተቀምጣ አየሁ። ከሥራ ወጣች አሉ። ሌሎች ደግሞ ወደ ክፍለ ሀገር ተላከች አሉ። አልጠየቅሁም። እሷ በዚያ ቀን ለምን ዝም እንዳለች ግን ሳስበው እኖራለሁ። ለራሷ ፈርታ ይሆናል። ወይም ልጇ ለሞተባት ሴት፣ በሰው ፊት፣ አንቺ ነሽ ማለት አልሆነላት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አያታለሁ። ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ትቆማለች፤ ስትዞር ሌላ ሴት ናት። ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ሒሳብ የምትጽፍ ልጅ እስክሪብቶውን በግራ እጇ ከያዘች ሳልገዛ እወጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከኋላዬ ሕፃን ሲስል እሰማለሁ፤ ዞሬ አላይም። ግቢያችን ሲፈርስ ጎረቤቶቼ ሁሉ አለቀሱ። እኔ እሷ የተቀመጠችበት በር አብሮ በመፍረሱ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ መብራት ተተክሎበታል፤ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ድንጋይ የለም። ስሄድበት ግን እግሬ የበሩ ደፍ የነበረበት ጋ ሲደርስ ያውቀዋል። ይቆማል።

እንግዲህ ልጄ «የግድ የለሽ ሰው እጅ» ስትል ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አልተወጋም» አልኩ።

«ምን አልሽ፣ እማዬ?»

«ወንድምሽ አልተወጋም። ጸበል ላይ ነበር። ለምኜ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ አመጣዋለሁ ብዬ ሳልወስደው ቀረሁ።»

ጎረቤቴ በእጇ የነበረውን ቦምቦሊኖ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ውኃ ነው የወጋሽው ያልኳት እኔ ነኝ» አለች፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። አስተማሪው ከዘራቸውን ሲፈልጉ አየሁ፤ ከዘራው በእጃቸው ነበር።

ልጄ ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች። ውኃ ስትከፍት ሰማሁ። እጇን ታጠበች፤ ሐኪሞች እንደሚታጠቡት እስከ ክርኗ፣ ብዙ ቆይታ። ስትመለስ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ልጅ ነበርሽ።»

«አንብቤያለሁ፣ እማዬ።»

«ሥራሽስ? ያን ሁሉ ዘመን የለፋሽው በከንቱ ሆነ?»

«ክትባቱ ይሠራል። ልጆች ተርፈውበታል። እሱ ምንም አይሆንም።» ካርዱን ወደ ፕላስቲኩ መለሰችው። «እኔ ነኝ ለምን እንደ ጀመርኩት አሁን የማላውቀው።» ከዚያ ደግሞ፣ «የት ነው ያለችው?» አለችኝ። የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ አምስት ኪሎ ስትሄድ እኔ መሄድ አልቻልኩም፤ እህቴ ሄደች። ልጄ ስለ ክትባቱ ተናግራ ስትጨርስ ካርዱን ከፍ አድርጋ፣ «ይህን የጻፈችውን ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ግድ የለሽ ናት ብዬ ኖሬያለሁ፤ ተሳስቼ ነበር» አለች አሉ። ያለችበትን የሚያውቅ እንዳለም ጠየቀች። አዳራሹ በልጆች የተሞላ ነበር፤ ማን ያውቃታል? ወደ ጤና ጣቢያው አብረን ሄድን። ሠራተኛው ሁሉ አዲስ ነው፤ ያ የድሮ መዝገብ የለም። ጎረቤቴ በአዲሱ ሰፈሯ በየፎቁ እየጠየቀች ነው፤ ከዚያ ሰፈር የተነሳ ሰው ብዙ ነውና። የመሄጃዋ ቀን ሲደርስ ልጄ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። «ለእኔ የነገርሽኝን በእጅሽ ጻፊው» አለችኝ።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። ድሮ ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ «እንዴት ነሽ፣ እማዬ?» ነበር የምትለው። አሁን መጀመሪያ የምትለው «ተገኘች?» ነው። «ገና ነው» እላታለሁ። ከዚያ ነው እንዴት እንዳደርኩ የምትጠይቀኝ።

ሴትየዋ በሕይወት ካለች ስልሳ ዓመት ይሆናታል። ጊዮርጊስ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ ሕፃናትን ትከትብ ነበር። በግራ እጇ ትጽፋለች። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። ሕፃናትን «የኔ አለቃ» ትል ነበር። ያወቃት፣ አብሯት የሠራ፣ ጎረቤቷ የነበረ ካለ እባካችሁ የት እንዳለች ንገሩኝ። ሞታም ከሆነ የተቀበረችበትን ንገሩኝ።