ሳይጠየቁ ፎቶ መነሳት

ዲጂታል ካሜራ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ኦሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ከሥራ መልስ የፎቶግራፍ ኮርስ እወስድ ነበር። ኮርሱን አልፌ የሠርግ ፎቶ አንሺ ልሆን ቋምጫለሁ፤ የሱቅ ካሸርነት ሥራዬ አንገሽግሾኛል።

አንድ ቀን መምህራችን ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ፎቶዎችን ግድግዳው ላይ አሳየን። አውሮፓውያን በቅኝ ግዛት በያዟቸው የወደብ ከተሞች፣ መንገድ ላይ ያነሷቸው ናቸው። ቅርጫት የተሸከመ፣ ዓሣ የሚሸጥ፣ አንዷ ደግሞ እንስራ ያዘለች፣ ልብሷ ከትከሻዋ ወርዶ ፊቷን ልታዞር ስትል የተያዘች ሴት። መምህሩ "እንዴት ተፈጥሯዊ ነው!" እያለ ይደነቃል። እኔ ደሜ ፈላ። ልብሷን ሰብሰብ እንድታደርግ እንኳ ጊዜ አልሰጧትም። የሰጠን የቤት ሥራም ያው ነበር፤ በየሰፈራችን ወጥተን ሰው ሳያውቅ አንስተን እንድናመጣ።

ቻምበርስ ሮድ ካለው አፓርታማዬ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው እናት፣ ከልጃቸው መኪና የአስቤዛ ከረጢት እየጎተቱ ያወርዳሉ። ነጠላቸው ተንሸራቷል፣ ሽበታቸው ተንጨባሯል። መምህሩ የሚወደው ፎቶ ፊቴ ቆሟል። ጣቴ እምቢ አለኝ።

"እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?" አልኳቸው።

"እንዲህ ሆኜ? ኧረ በስመ አብ! እዚሁ ፓርኪንጉ ጋ ጠብቂኝ፣ ለባብሼ ልምጣ።"

ጠበቅኳቸው፤ ያውም ደህና አድርጌ። ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መጡና የልጃቸው መኪና አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፈገግ ይበሉ ብላቸው ወይ ፍንክች። ወሬው ተሰማና የሕንጻችን ሰው ተራ በተራ ክቱን ለብሶ ወረደ። ሁሉንም አነሳኋቸው።

ፎቶዎቹን አሳጥቤ ለመምህሩ ሰጠሁት። ገለባበጣቸውና፣ "ይሄ የመንገድ ፎቶ አይደለም፣ ተዘጋጅተው ነው የቆሙት። ሳያውቁ አንስተሽ ካላመጣሽ አላሳልፍሽም" አለኝ።

"ያቺ እንስራ ያዘለችው ሴት ማን ትባላለች?" አልኩት።

"የሚያውቅ የለም።"

"እኔ ያነሳኋቸውን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ፈቅደው ነው የተነሱት። አልደግመውም።"

"እንግዲያው ወድቃለች ብዬ ልጽፍ ነው" አለና ሐሳቤን እቀይር እንደሆነ ብሎ ብዕሩን ይዞ ቆየ። አልዋሽም፣ የሠርግ ፎቶ አንሺነቴ ዓይኔ እያየ ሲሄድ አንጀቴ አርሯል።

"ጻፈው" አልኩት፤ "ግን በሙሉ ስሜ።"