“ተፈቷል” የተባለችው ቀይ ነጥብ

የሕንፃ ንድፍ ቢሮው ውስጥ “እመት ቱቦ” ነው የሚሏት። ስሙን አልጠላችውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ፣ የሞቀና የቀዘቀዘ አየር የሚያልፍበትን ቱቦ ከየኮርኒሱ በላይ ስትዘረጋ ኖራለች። የጠላችው አለቃዋን ነው። እሱንስ አምርራ ነው የጠላችው።

ሰውየው ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ ይጠራል። የአርክቴክቱም፣ የመሐንዲሱም፣ የእሷም ሥራ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይደራረብና፣ ቱቦ ጣሪያውን ከሚሸከመው ቢም ጋር የተጋጨበት ቦታ ሁሉ በቀይ ነጥብ ይበራል። አለቃው ቀይ ማየት አይወድም። ደንበኛ ፊት “ግጭት የሚባል የለም” ብሎ ደረቱን መንፋት ነው የሚወደው። ታዲያ ነጥቧን ለማጥፋት ቱቦውን ማንሳት አያስፈልግም፤ “ተፈቷል” የሚለውን መጫን ይበቃል። ቱቦው ቢሙ ውስጥ እንደተሰነቀረ ነጥቧ ትጠፋለች። ጉድ እኮ ነው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማም መሰል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ነጥብ እንዲሁ ጠፍታለች። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። አለቃዋ አናቷ ላይ ቆሞ ሲነዘንዛት ሰለቻትና ተጫነችው። የግንባታ ሠራተኞቹ ቢሙን አይቆርጡት ነገር፣ ቱቦውን ጨፍልቀው አሳለፉት። ከዚያ ወዲያ ላለው አዳራሽ አየር አይደርሰውም።

እግዜር ሲፈርድ ታላቅ እህቷ የተቀጠረችው እዚያው አዳራሽ ሆነ። አብረው ነው የሚኖሩት። ማክሰኞ እህትየው ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ገባችና፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። አንዲት ባልደረባዋ በሙቀቱ ማሽኑ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃለች።

“ያንን ቤት የነደፈው እጁ ይቆረጥ” አለች።

ታናሽየዋ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ቀረች። መጀመሪያ በአለቃዋ በገነች፤ ቀጥሎ በራሷ ባሰባት። የተጫነው ጣት የማን ነበርና!

ሐሙስ ደረሰ። አሁን ደግሞ ሆስፒታል ነው። አርክቴክቱ እንዲያምርለት ብሎ የሕሙማኑን ክፍል ኮርኒስ ከፍ ቢያደርገው ቱቦው መተላለፊያ አጥቶ፣ አንዲት ነጥብ ቀልታለች። ደንበኛውም ተቀምጧል። አለቃዋ ጎንበስ ብሎ፣ ተጫኚውና እንለፍ፣ ሳይት ላይ ይፈቱታል አላት።

“አልጫንም” አለች፣ ደንበኛው እንዲሰማ ጮክ ብላ። “ባለፈው እንዴት እንደፈቱት እህቴን ይጠይቋት።”

የአለቃዋ ፊት ከነጥቧ ብሶ ቀላ። ሲወጡ ዕቃሽን ሰብስቢ አላት። እሷ ግን ከመሰብሰቧ በፊት የፋብሪካውን ፋይል ከፍታ ያችን የድሮዋን ነጥብ ፈለገቻት፤ “ተፈቷል” ከሚለው ሥር የራሷ ስም ተጽፏል። አትማው ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ወረቀቱን እህቷ ጭን ላይ አኖረችው።

“እትዬ፣ እጁ ይቆረጥ ያልሽው ይኸውልሽ። ለአሠሪዎችሽ ስጫቸው፤ ቱቦው የት እንደታነቀ ያሳያቸዋል።”

እህቷ ስሙን አነበበች፤ ቀና ብላም የታናሿን እጅ አየች። የዚያን ዕለት ራቷን ለብቻዋ በላች። ወረቀቱን ግን በማግሥቱ ወደ ፋብሪካው ይዛው ሄደች።