እንዴት ነዎት ብዬ ያጠፋሁት ጥፋት

ስልኬ ሲጮህ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ድንች እየመረጥሁ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ሲስተር፣ ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። በጦርነቱ ጊዜ ሰላማዊ ሰዎችን ስላከሙ ሐኪሞች ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው» አለኝ አንድ ቀጭን የወንድ ድምፅ።

«ታዲያ ሐኪሞቹን አትጠይቅም? እኔ ነርስ ነኝ» አልሁት።

ያኔ አብሬያቸው የሠራሁትን ዶክተር አስቀድሞ እንዳነጋገራቸው፣ ስልኬን የሰጡትም እሳቸው እንደሆኑ ነገረኝ። ድንቹን ከእጄ ያስጣለኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። «አንድ ሽማግሌ አግኝተናል። ሕይወታቸውን ያተረፈቻቸው ሲስተሯ እንደሆነች እየማሉ ነው የሚናገሩት። የፊልሙ ዋና ታሪክ የእናንተ የሁለታችሁ ይሆናል።»

ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ። በየዓመት በዓሉ ማር የሚልኩልኝ ሰው ናቸው። እኔም ማሩን እየላስሁ እውነቱን ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖሬአለሁ። ያተረፍኋቸው እኔ አይደለሁማ! እኔ ልገድላቸው ምንም ያልቀረኝ ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ዳባት ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጊዜያዊ ማከሚያ ከፍተን ነበር። ኦፕራሲዮን የሚደረገው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ጎን ተደርድሯል። የእኔ ሥራ በር ላይ ቆሜ ማን ይቅደም የሚለውን መለየት ነው፤ ትሪያጅ እንለዋለን። ሦስት ዓይነት ጥብጣብ ተሰጥቶኛል። ቀይ የታሰረለት አሁኑኑ ይገባል፣ ቢጫ የታሰረለት ትንሽ ይታገሣል፣ አረንጓዴ የታሰረለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መጽሐፉ ላይ ሲነበብ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን የእኛን አገር ሽማግሌ አክሞ አያውቅም።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት ቀርቦ «የት ተመቱ?» ብሎ መጀመር አሳዳጊ የበደለው ያሰኛል። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አንድ እግሩን በእጁ ይዞት ቢመጣም መልሱ ያው ነው። አንድ የከተማ ጎረምሳ ግን የተሰበረ መስታወት ጣቱን ቧጥሮት «ወይኔ እናቴ! ሞትሁልሽ!» እያለ ግቢውን አናወጠው። ለእሱ ቢጫ አሰርሁለት፤ ውኃም አጠጣሁት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ማን ይተርታል ቢባል ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሲተርቱ እንጂ ሲታመሙ ትዝ አይላቸውም።

እኒያ ሰው የመጡት ጧት ነው። ከሊማሊሞ በኩል ብዙ ሰው ጭኖ ከመጣ አይሱዙ ላይ ወርደው፣ ጋቢያቸውን ተጠቅልለው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው በገዛ እግራቸው እየተራመዱ መጡ።

«አባቴ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ተመትተዋል እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልልም። ጎኔን ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው። እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«አባትሽስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አገሩስ ደህና ነው?»

አገሩ ደህና ቢሆንማ እኔና እሳቸው ትምህርት ቤት በር ላይ ምን እንሠራ ነበር? እኔም ግን «ደህና ነው» አልሁና አረንጓዴ ጥብጣብ አሰርሁላቸው። ጋቢያቸውን አልገለጥሁም። ሆዳቸውን በእጄ አልጫንሁም። እሳቸውም መርቀውኝ ሄደው ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ከጧት እስከ ቀትር እዚያው ነበሩ።

የፅዳት ሠራተኛዋ ባትኖር ኖሮ እስከ ማታም በተቀመጡ። ባልዲዋን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ አየቻቸው፤ ተመልሳም መጣችና «ሲስተር፣ እኒያ ሰውዬ ምን ሆነዋል? እንደምን ዋሉ ብላቸው እኮ አልመለሱልኝም!» አለችኝ።

በስመ አብ! ሰላምታ የማይመልስ ሽማግሌ! ሮጥሁ። ጋቢው ሲገለጥ በግራ በኩል ከጎድናቸው ሥር የጣት ጫፍ የማታህል ቀዳዳ አየሁ፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጣፊያቸው ውስጥ ውስጡን ሲደማ ነው የዋለው። ዶክተሩ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን አልተቆጡም። «ሆዳቸውን ጫን አላልሽም?» ብቻ አሉኝ። አላልሁም። ብድግ አድርገው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገቧቸው። ምነው በጮሁብኝ ኖሮ አልሁ።

ጣፊያቸው ወጣ። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ጊዜ እንደገና ተከፈተ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ዳግመኛ እርፍ መጨበጥ ግን አልቻሉም። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ። ጧት ገብተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ለራሴ ስነግረው ኖርሁ። ከማደንዘዣው ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት የእኔን ፊት ስለሆነ አዳኛቸው እኔ ሆኜ ቀረሁ። ያኔውኑ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ይህን ተሸክሜ ነው ለቀረጻው ከደባርቅ ወረድ ብሎ ወዳለው ቤታቸው የሄድሁት። የደወለልኝ ልጅ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር፣ ሁለት ጃኬት ደርቦ፣ ብርዱ አፍንጫውን ቲማቲም አስመስሎት ደጃፋቸው ላይ ካሜራውን ተክሏል።

«አባባ፣ እስቲ ያን ቀን የተሰማዎትን ሥቃይ ይንገሩን።»

«ደህና፣ ተመስገን። ምን ሥቃይ አለ? አንተስ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«እሺ፣ እንደገና እንሞክር። ሕመሙ እንዴት ነበር?»

«ያልፋል ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል። እናትህ ደህና ናቸው?»

አራት ጊዜ ተቀረጸ። በአራተኛው ዳይሬክተሩ ስለ እናቱ የስኳር በሽታ እያወራ ነበር፤ ሽማግሌው ጠበል ይጠቁሙታል። እኔ ሳቄ አምልጦኝ በነጠላዬ አፌን ያዝሁ። ሳቁ የቆመልኝ ዱላቸውን ወደ እኔ ሲቀስሩ ነው።

«ስለ ሥቃይ አትጠይቀኝ። ሕይወቴን ያተረፈችኝን ጠይቅ፤ ይችውልህ።»

ካሜራው ዞረብኝ። «ሲስተር፣ እጃቸውን ይያዙልኝ» አለ ዳይሬክተሩ። ያዝሁ። ዓይናቸውን ላለማየት አቀረቀርሁ። «በጣም ጥሩ! እንደዚያው ይቀጥሉ!» አለኝ። ወይ ጉድ፣ ሰው በሀፍረት ሲያቀረቅር በጣም ጥሩ ይባላል! ይህ ነገር አንዴ ፊልም ከሆነ አገር ሁሉ ያየዋል፣ ያጨበጭብልኛል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን የምናገርበት አፍ አይኖረኝም።

«አጥፋው» አልሁት።

«ምን?»

«አጥፋው አልሁህ!» የቁጣዬ ነገር ይገርመኛል፤ ጥፋቱ የእኔ፣ የተቆጣሁት ልጁን። አጠፋው። እኔም መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ዘረገፍሁት። አረንጓዴውን ያሰርሁላቸው እኔ እንደሆንሁ፣ ጋቢያቸውን እንዳልገለጥሁ፣ ያየቻቸው የፅዳት ሠራተኛዋ፣ ያዳኗቸው ዶክተሩ እንደሆኑ፣ እኔ በዚያ ቀን ያደረግሁት ነገር ቢኖር እሳቸውን ዛፍ ሥር ማስቀመጥ ብቻ እንደነበር።

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔ የማውቀውን መልስ እየጠበቅሁ ነበር፤ ኧረ ምንም አይደል፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንዲሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ቋምጬ ነበር።

«ተቀየሙኝ አባቴ?»

«አዎ» አሉኝ።

አንድ ቃል። እኔ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ስሠራ ከእሳቸው ዕድሜ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

«አሞኛል» አሉ ቀጥለው። እጄን ያዙና በግራ ጎናቸው ላይ አሳረፉት። «እዚህ። በዚህ በኩል መተኛት ትቻለሁ። ሰው መሬቴን ሲያርስ ዳር ቆሜ ሳይ ደግሞ እዚህ ያመኛል።» እጄን ወደ ደረታቸው ወሰዱት። «ለሚስቴም አልነገርኋት። ማር ስልክልሽ እደሰት ነበር፤ ማሩም ቆጨኝ።» ዳይሬክተሩ ካሜራውን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ያለቀስሁት ማሩ ጋ ሲደርሱ ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ እንዳልልሽ መዋሸት ይሆንብኛል» አሉኝ ሲጨርሱ። «ጊዜ ስጪኝ። ሲሆንልኝ መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«እሺ አባቴ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ፊልሙ ወጥቶ በአዳራሽ አየነው። ዶክተሩ ደህና አድርገው ተናግረዋል። የፅዳት ሠራተኛዋም አለችበት፤ አዳራሹ አጨብጭቦላታል። ሽማግሌው ስለ ዳይሬክተሩ እናት ሲጠይቁ ለጥቂት ሰከንድ ይታያሉ። እኔ የለሁም። እሰይ፣ እንኳንም ቀረሁ።

ማሩም ቀረ። ሰውዬው ግን አልቀሩም። በገበያ ቀን ደባርቅ ሲወጡ ቤቴ ጎራ ይላሉ። «እንዴት ሰነበቱ?» እላለሁ፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው ያለ ርኅራኄ ይነግሩኛል። ጉልበታቸውን፣ ጎናቸውን፣ የምራታቸውን ጸባይ፣ የእኩል አራሹን ስንፍና። ሻይ ቀድቼ አዳምጣለሁ። ሊሄዱ ሲነሡ ደጃፍ ላይ ቆም ይሉና «ስለዚያኛው ነገር፣ ገና ነኝ» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ግን ዱላቸውን እያነሡ «ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉኝ።

«አይቸኩሉ አባቴ» አልኋቸው። ቢቸኩሉልኝ እንዴት በወደድሁ።