አርባ ሦስተኛዋ ተማሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ትታው ወጣች። ላነሳው ስል ገጹ ላይ ሁለት ክቦች አየሁ፤ አንደኛው የሌላውን ጎን ቆርሶ የገባ፣ መሃላቸው በእርሳስ የጠቆረ። እዚሁ አዳማ፣ ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ የወንጂ የሞላሰስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያን ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ። የተቃጠለ ስኳርና የበሰበሰ ሣር የተቀላቀለበት፣ ልብስ ላይ ካረፈ በሳሙና የማይለቅ ሽታ ነው።

ያደግኩት ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። እናቴ የፋብሪካው አገዳ ማሳ ላይ አረም ትነቅል ነበር። አባቴም ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ለቀቀና ሞጆ ሄዶ ጭነት መኪና ላይ ተቀጠረ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ፤ ከዚያ ጭራሹን ቀረ። እዚያ ሌላ ትዳር እንደያዘ የነገረን አንድ ዘመዳችን ነው። ያን ቀን እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሰው ከጠየቀሽ መተሐራ ፋብሪካ ተዛውሯል በይ። ሰምተሻል?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ኖርኩ። ሰፈሩ ይመነን አይመነን አላውቅም፤ ፊት ለፊት የሞገተን ግን አልነበረም።

የወንበር ጓደኛዬ ታውቅ ነበር። ነግሬያት አይደለም። በየቀኑ ቤታችን ስለምትመጣ፣ የወንድ ጫማ ከበሩ ሥር እንደጠፋ ማየት አያቅታትም። አንድም ቀን ግን አልጠየቀችኝም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ሒሳብ አይገባትም፤ የቤት ሥራ የምትገለብጠው ከእኔ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ከሻሸመኔ የመጣ ወጣት ነበር። ማስተማር በጀመረበት ዓመት ነው፤ ሥራውን ይወደው ነበር። ስለ ስብስብ ስንማር የመጽሐፉ ጥያቄዎች፣ ሻይ የሚወዱ ይህን ያህል፣ ወተት የሚወዱ ይህን ያህል የሚሉት፣ ሰለቹት መሰለኝ። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ «መጽሐፉን ዝጉት። ዛሬ ጥያቄው እናንተ ናችሁ» አለን።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ክቦች ሣለ። «አባቱ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ እጁን ያውጣ። መተሐራም ቢሆን ይቆጠራል!»

ከፊት ወንበር ከመተሐራ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ዞር ብላ አየችኝ። እጄን አወጣሁ። ምን ላድርግ? ሃያ ስምንት ሆንን። «እናቱስ?» አለ። እሱ እውነት ስለነበረ በደንብ አወጣሁ፤ አሥራ ስድስት። «ሁለቱም?» ሲል ያቺ ልጅ ገና ከእኔ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ክንዴ ከበደኝ። ሳላወጣ ቀረሁ። ዘጠኝ ተቆጠሩ። ከሁለቱም ውጭ የሆኑት ስምንት ነበሩ።

መምህሩ ጮክ ብሎ አሰላ። «ሃያ ስምንትና አሥራ ስድስት አርባ አራት። ዘጠኙ ሁለቴ ስለተቆጠሩ ይቀነሱ፤ ሠላሳ አምስት። ስምንቱ ይደመሩ፤ አርባ ሦስት።» ከዚያ ራሳችንን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። አርባ ሁለት ነበርን።

«አንድ ሰው ፈጥረናል!» ብሎ ሳቀ። ክፍሉም ሳቀ። እንደገና አስቆጠረን። አሁን «ሁለቱም» ሲል ባወጣ ቁጥሩ ይለወጥና ማን እንደጨመረ ይጠይቃል፤ የአባቴን ብተው ደግሞ ያቺ የፊት ወንበሯ ልጅ ታያለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደገምኩ። አርባ ሦስት።

ደወሉ ተደወለ። የሌሎቹ ክፍሎች ልጆች በመስኮታችን ሥር እየተንጫጩ አለፉ። መምህሩ አልሳቀም። «ሳናገኘው አንወጣም» አለና የስም መጥሪያውን ገለጠ። «ስሙ የተጠራ ተነስቶ የአባቱንና የእናቱን ሥራ ይናገራል።»

እንደዚያ ቀን በር ርቆኝ አያውቅም። ከወንበርና ከግድግዳ መሃል ነበርኩ፤ ጎኔ ጓደኛዬ አለች። ስሞቹ ወደ እኔ እየቀረቡ መጡ። «አባቴም እናቴም» ብዬ ብነሳ ሒሳቡ ይገጥማል፤ ግን ሁለቴ ለምን እጅሽን አላወጣሽም ይለኛል፤ ያቺም ልጅ መተሐራ የትኛው ክፍል ነው የሚሠራው ትለኛለች። ላቤ ደብተሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሦስት ስም ሲቀረኝ ጓደኛዬ ተነሳች።

«መምህር፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነው አንቺ?»

«ሁለቱም ሲባል እጄን አላወጣሁም። እርሳሴ ወድቆ እያነሳሁ ነበር።»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም ጊዜ።»

ውሸቷን ነው። ሁለቱንም ጊዜ ስታወጣ ክርኗ ጆሮዬን ነክቶኛል። መምህሩ ግን ዘጠኙን አጥፍቶ አሥር ጻፈ፤ አሰላው፤ አርባ ሁለት መጣ። «ፈዛዛ!» አላት። ክፍሉን ለአንድ ሳምንት እንድትጠርግ ፈረደባት፤ እኛን ለቀቀን። የምሳ ሰዓታቸው ስላለፈባቸው የተናደዱት ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ «አርባ ሦስት» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። «የአባቴን በስህተት አውጥቼ ነው» ብትል ኖሮ፣ ከ«ሁለቱም»ም ስለምትቀነስ፣ ድምሩ ያው አርባ ሦስት ነበር የሚሆነው። «የእናቴን» ብትልም ያው ነው። ከእሷ አፍ ሊወጣ ከሚችለው ሁሉ የሚያድነኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሒሳብ የማይገባት ልጅ፣ እኔ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ አስልታ አግኝታዋለች።

ማመስገን ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። በማግስቱ የመስኖውን ቦይ ይዘን ስንሄድ አንድ ቃል እንድናገር እየጠበቀች ጎኔ ተራመደች። ከአፌ የወጣው ግን «ማን ግቢ አለሽ?» የሚል ነበር። ቆመች፤ እኔ ቀጠልኩ። ሰኞ ዕለት ሰሌዳው አይታየኝም ብዬ ወንበር ቀየርኩ። እሷን ባየሁ ቁጥር ማወቋን ነበር የማየው። ዛሬ ሳስበው ያፈርኩት በእሷ እንዳልነበረ ይገባኛል፤ ያኔ ግን የሚለይልኝ አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቧ ወደ ዝዋይ ሊሄድ ተነሳ። ዕቃቸው መኪና ላይ እየተጫነ ልትሰናበተኝ ስትመጣ በመስኮት አየኋት። «የለችም በያት» ብዬ እናቴን ለመንኩና ከጓዳው በር ኋላ ገባሁ።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። «እሷ የለችም?»

«ውሃ ልትቀዳ ወጣች፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ትንሽ ልጠብቃት።»

የደጁ በር ደፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከበሩና ከግድግዳው መሃል ተጣብቄ ማሳል ፈራሁ፤ እግሬን ማንቀሳቀስ ፈራሁ። የምትተነፍሰው ይሰማኝ ነበር። እናቴ ውሃ በብርጭቆ ሰጠቻት።

«ለመሆኑ ምን አጣላችሁ?»

«ኧረ አልተጣላንም፣ እትዬ። ሒሳብ እየጠየቅኩ ሳስቸግራት ነው ወንበር የቀየረችው።»

ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ተነሳች፤ ብርጭቆውን መለሰች፤ እናቴን ጉልበቷን ስማ «ነጋቲ» ብላ በኦሮምኛ ተሰናበተቻት። የጫማዋ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

እናቴ የጓዳውን በር ሳበችው። አልተቆጣችም። «በይ ሄዳለች፤ ውጪ» አለችኝ።

አልወጣሁም።