ቢጫው ወባ

ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ወደ ካምፓላ እንደምትላክ ስትነግረኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ሥልጠናው አልነበረም።

«አልጋው የብረት ነው?» አልኳት።

«የቱ አልጋ?»

«የምታርፊበት ሆቴል።»

ሳቀች። ገና ቲኬቱ ሳይቆረጥ የብረት ይሁን የእንጨት በምን አውቃለሁ አለች። እኔ አልሳቅኩም፤ እሷም ትንሽ ቆይታ ሳቋን ዋጠችው። ለምን እንደጠየቅኳት ገብቷታል።

አባቷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። እሷ ልጅ ሳለች ኃላፊዎችን ይዞ ለስብሰባ ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «ብርድ መትቶኝ ነው፤ ያልፋል» አለኝ። አላለፈም። ወባ ነበር። ከገዛ ቤቱ ይዞት የሄደው ወባ ደጋ ላይ ተነሣበት። እሱም ብርድ ነው ብሎ ብርድ ልብስ ደራርቦ ተኛ፤ አብረውት የሄዱትም ብርድ ነው ብለው ተዉት። ለቅሶ የመጣ ባልደረባው ሊያጽናናኝ ብዙ ተናገረ። ውስጤ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ባለው ክፍል ያደረ ሰው በባለቤቴ መንቀጥቀጥ የብረት አልጋው ሲንኳኳ ሰምቶ፣ ዕቃ የሚያነሳ የሚጥል መስሎት ነበር።

ያንን አልጋ አይቼው አላውቅም። ድምፁን ግን እሰማዋለሁ። የባጃጅ ቆርቆሮ ላልቶ ሲንቀጠቀጥ እሰማዋለሁ። የድስት ክዳን እንፋሎት ሲያነሳው እሰማዋለሁ፤ ሮጬ አወርደዋለሁ፣ ልጄም ወጡ ሳይበስል ብላ ትቆጣኛለች።

መሥሪያ ቤቷ ተጓዦቹን ሰብስቦ ሲመክር ሰነበተ። እሷም እየመጣች ትነግረኛለች። የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለብቻ ያዙ፤ የታሸገ ውኃ ጠጡ፤ ከመሸ ብቻችሁን አትውጡ፤ ሞተር ላይ ያለ ሄልሜት አትቀመጡ ተባሉ። እኔ በበኩሌ ቀሚሷ ውስጥ ኪስ ሰፋሁላት።

አንድ ቀን ክንዷን ይዛ ገባች። «እንዳትነኪኝ፤ ቢጫ ወባ ተከትቤ ነው» አለች። ካርዱንም አሳየችኝ፤ እሱም ቢጫ ነው።

አስደገምኳት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ለእኔ ወባ ወባ ነው። ገንዘው ያመጡት ሰዎች ደግሞ የባለቤቴ ዓይን ቢጫ ሆኖ እንደነበር ነግረውኛል። ለካ እሱን የገደለው ቢጫው ነው አልኩ በልቤ። ለካ ክትባት ወጥቶለታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁ ጠፋ። ባጃጁ ባጃጅ ሆነ። ድስቱን እስኪበቃው ተውኩት። ጎረቤቴ ፊትሽ በራ፣ ልጅሽን ልትድሪ ነው እንዴ እያለች ቀለደችብኝ።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ሻንጣዋን ከፍታ ታተራምሳለች።

«እማ፣ የትንኝ ቅባቴን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ። በሶው አልገባ ብሎኝ ነው። ተከትበሽ የለ እንዴ?»

«ለምኑ ነው የተከተብኩት?»

«ለወባው ነዋ።»

«እማ ደግሞ፣ ቢጫ ወባ ስለተባለ…» ብላ ልትቀልድብኝ ጀመረች። ከዚያ ፊቴን አየችና ቀልዱን ተወችው። ሻንጣው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የስም መመሳሰል ነው፤ ቢጫ ወባ ሌላ በሽታ ነው። ክትባቱ የእኛን ወባ አይከለክልም።

በመንገዱ ባጃጅ አለፈ። አልጋው ተንኳኳ።

በሶውን አውጥቼ ቅባቱን መለስኩ። ከዚያ እጇን ይዤ፣ «አመመኝ ብለሽ ብትደውዪ ብርድ መታኝ እንዳትዪኝ» አልኳት። «ሰውነትሽ ከጋለ፣ የወባ አገር ሰው ነኝ፣ ደሜን መርምሩልኝ በያቸው።» እንደ ትምህርት ቤት አስደገምኳት። ሳትስቅ ደገመችልኝ።

ከሄደች ሳምንት አልፏታል። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ እንዳትደነግጪ።»

ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ቃል የለም። ሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ። እሷ ግን ሳልጠይቃት ሁሉንም በተራ ነገረችኝ። ጠዋት ሰውነቷ ጋለ፤ ያስጠናኋትን ለሆቴሉ ሰዎች ተናገረች፤ ክሊኒክ ወሰዷት፤ ደሟ ሲታይ ወባ ነው። መድኃኒቱን ጀምራለች፤ አብራት የሄደች ባልደረባዋም ከአጠገቧ አልተለየችም።

«ብርድ ነው አላልኩም» አለችኝ መጨረሻ ላይ። ድምፅዋ የአባቷን ይመስል ነበር።

«ስልኩን ፍራሹ ላይ አስቀምጪውና ተኚ» አልኳት።

«የእንጨት ነው፣ እማ» አለችኝ።

«ቢሆንም።»

አስቀመጠችው። ሌላውን ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩት። ትንፋሽዋ ይሰማል፤ ከሩቅ ደግሞ የማላውቀው አገር መኪና ጥሩምባ። አልጋው ዝም ብሏል። አሁን ይጀምራል፣ አሁን ይጀምራል እያልኩ አዳመጥኩ። ካርዷ አልቆ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩትም።