ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተማርኩት ዝም ማለትን ነው። አለቃዬ ክላረንስ ይባላል፤ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያረጀ ጥቁር አሜሪካዊ። ቤት ማሻሻጫ ቢሮው ቼሪ ጎዳና ላይ ነበር፤ ሁለት ጠረጴዛና ቀኑን ሙሉ የሚያቃስት ማሞቂያ። የሥራ ፈቃዴን ግድግዳው ላይ ሰቀለልኝና እንዲህ አለኝ፦ «ንጉሤ፣ ደንበኛ ስለ ጣሪያው ከጠየቀህ መልስ። ስለ ቧንቧው ከጠየቀህ መልስ። ‹ሰፈሩ ጥሩ ነው ወይ?› ካለህ ግን አፍህን ዝጋ።»

«ለምን?» አልኩት።

«አባቴ ከዚህ ሰፈር ወጥቶ ቤት ልግዛ ባለ ቁጥር በሩን የዘጉበት ‹ጥሩ ሰፈር› በምትለው ቃል ነው። ዛሬ ሕጉ ደላላ ሰውን ወደዚህ ሰፈር ግባ፣ ወደዚያ አትግባ እያለ እንዲመራ አይፈቅድም። ስለ ሰላም የጠየቀህን ሰው ፖሊስ ጋ ላከው። ራሱ አይቶ ይወስን።»

በዋሽንግተን ስቴት ጀማሪውም ብሮከር ነው የሚባለው፤ ከበላዩ ያለው አለቃ ማኔጂንግ ብሮከር ነው። ሐበሻ ግን ሁላችንንም ደላላ ይለናል፣ አይከፋኝም። በር ላይ የሚንጠለጠለውን የቁልፍ ሳጥን፣ ሎክቦክሱን፣ መክፈት ተማርኩ። ኦፈር፣ ገዢው ለሻጩ ዋጋ የሚያቀርብበትን ወረቀት፣ መጻፍ ተማርኩ። ቤቱን ከሚመረምረው ኢንስፔክተር ጋር ከወለሉ ሥር በደረቴ እየተሳብኩ ገብቼ የበሰበሰ እንጨት በካቻቢቴ መውጋት ተማርኩ። ይኼን ሁሉ የሚጠይቀኝ ሐበሻ ግን አልነበረም። የእኛ ሰው ቤት ገብቶ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ መስኮቱን ገለጥ አድርጎ የሚጠይቀው ያንኑ የተከለከልኩትን ነው፦ «ጋሽ ንጉሤ፣ ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?»

«የፖሊስ ዌብሳይት አለ፣ እሱን እዩ» እላለሁ። ቅር ይላቸዋል። አንዷማ «እንደ አባት አይተን ብንጠይቅዎት እንደ ፈረንጅ ይመልሱልናል?» ብላ ኩም አደረገችኝ።

ክላረንስ ጡረታ ወጣ፤ ቢሮው ሬኒየር ቫሊ ወረደ፤ አዲስ አለቃ መጣችልን። ከእሷ ጋር ሰላማዊት መጣች። ሰላም ልጅ ሆና መጥታ እዚሁ የተማረች ነች፤ አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ የለቀመችው ነው፣ ይጣፍጣል። ሎክቦክስ አከፋፈት ያሳየኋት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ኦፈሯን ከጎኗ ተቀምጬ ያረምኩላት እኔ ነኝ። ይኼን ይያዙልኝ።

ብዙም ሳትቆይ እሑድ እሑድ ከሰዓት ላይቭ መግባት ጀመረች። ስልኳን ትደግፍና የሸሪፉን፣ የአካባቢውን ፖሊስ አዛዥ፣ ካርታ ትከፍታለች። በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው የተመዘገቡ ሰዎች የሚኖሩበትን አካባቢ በነጥብ የሚያሳይ፣ ማንም ሊያየው የሚችል ካርታ ነው። ይኼ ቤት እዚህ ጋ ነው፣ ነጥቡ እዚያ ጋ ነው፣ የዚህኛው ደረጃ ይኼ ነው እያለች በአማርኛ ታነባለች። «ሴፍ ነው» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ብልጥ ናት። «ኦኬ፣ ካርታው ይኸው፣ እናንተ ፍረዱ» ትላለች። ሥር ሥሩን ሐበሻ ይጽፋል፦ «ሰላም ካለች ሰላም ነው!» የእኔን የስንት ዘመን ጥያቄ በስሟ መለሰችው።

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ? ቅናት የሴት ነው የሚል ሰው ቤት ሽጦ አያውቅም። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ እሷ ሲሄዱ ቆሽቴ አረረ። አለቃችን ቢሮ ገብቼ «ይቺ ልጅ ሰፈር እያማች ነው፣ ያስከስሰናል» አልኩ። አለቃችን ቪዲዮውን አስተርጉማ አየችው። «ንጉሤ፣ ለሕዝብ የተከፈተ ገጽ ነው ያሳየችው። ችግሩ ምንድን ነው?» አለችኝ። ችግሩ እኔ ስላልጀመርኩት ነበር፤ እሱ ደግሞ ለአለቃ አይነገርም። ሰላም ክስ እንዳቀረብኩባት ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ።

ከሄዱብኝ ሁሉ ያንገበገበችኝ ለተብርሃን ናት፤ ለተ ነው የምላት። ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፣ እሷ ግን ሾላ ነው ያደገችው። ኤርፖርት ወጥ ቤት ትሠራለች። ባሏ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሁለት ሴት ልጆቿ ከትምህርት ቤት በእግራቸው መጥተው በሩን ራሳቸው ከፍተው ይገባሉ፤ እናታቸው እስክትመጣ ብቻቸውን ናቸው። እዚህ አገር እንደገባች ቱክዊላ ያለውን አፓርታማ የፈለግኩላት እኔ ነኝ። ቤት ልግዛ ስትልም መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነበር።

ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ የሚገኝ አንድ አሮጌ ግን ጤነኛ ቤት አሳየኋት። መስኮቱ ጋ ቆማ «ጋሽ ንጉሤ፣ ልጆቼ ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ይንገሩኝ፣ ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» አለችኝ። እኔም የለመድኳትን መለስኩ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ቅመም ልገዛ በገባሁበት ሱቅ አገኘኋት። መሬት መሬት እያየች «ጋሽ ንጉሤ፣ እንዳይቀየሙኝ። ከሰላም ጋር ፈረምኩ። እርስዎ አይመልሱም፣ እሷ ትመልሳለች» አለችኝ። «ኧረ ምንም አይደል፣ ይቅናሽ» ብዬ ሳቅኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና እርር ድብን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰላም ላይቭ አምልጦኝ አያውቅም። መነጽሬን አድርጌ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ፣ አንድ ስህተት አገኝባት ይሆን እያልኩ አያለሁ። አስተያየቱን ሁሉ አነባለሁ። ባለቤቴ ቡና ስታቀብለኝ «እኔን እንዲህ ትክ ብለህ ያየኸኝ መቼ ነው?» ትለኛለች።

አንድ እሑድ ሰላም ሁለት ቤት አወዳደረች። አንደኛው ያው የማውንት ቤከሩ ነው። «እዚህ ጋ በዛ ያሉ ነጥቦች አሉ፣ ሁሉም አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው፣ ሁለተኛ ደረጃ» አለች። ሌላኛው ከቱክዊላ ወደ ደቡብ ያለ አዲስ ቤት ነው፣ ጋራዥ ያለው። «እዚህ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱም እዚሁ መንገድ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ደረጃ» አለች። አስተያየቱ ጎረፈ። «እሰይ! አንድ፣ እሱም ሦስተኛ!» «ሁለተኛ ደረጃ መሐል ማን ይገባል!» ከመሐላቸው ለተብርሃን ጽፋለች፦ «ሰላምዬ ተባረኪልኝ። እኔም ባለ ሦስተኛ ደረጃውን መርጬ ኦፈሬን ተቀበሉኝ።»

ከሶፋው ተነሳሁ። እኛ ስቴት ሌቭል አንድ ማለት ድጋሚ ያጠፋል ተብሎ እምብዛም የማይፈራው ነው፤ ሌቭል ሦስት ከሁሉም ይልቅ የሚፈራው ነው። ሰላም «ሌቭል»ን «ደረጃ» ብላ ተረጎመችው፤ መዝገበ ቃላት ቢጠየቅ ትክክል ናት። የአማርኛ ጆሮ ግን ደረጃን የሚሰማው ከላይ ወደ ታች ነው። አንደኛ ደረጃ ጤፍ ምርጡ ነው፣ ሦስተኛው ተራው ነው። ስንሳደብ እንኳ «አንደኛ ሌባ!» ነው የምንለው፤ «ሦስተኛ ሌባ» ተብሎ የተሰደበ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ ካርታውን ገልብጦ እያነበበ ነበር፤ እሷም አላወቀችም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ያዝኳት! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ የለተ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው በዚያ መንገድ ሲሄዱ ታዩኝ።

ለሰላም ኮል አደረግኩ። አላነሳችም። ደገምኩ። ቴክስት መጣ፦ «ጋሼ፣ ሌላ ቅሬታ ካለዎት ለአለቃችን ይንገሩ።» ምን ልበላት? እኔው ነኝ ያስለመድኳት። የሌላ ብሮከር ደንበኛን ስለ ቤቱ ማነጋገር ደግሞ በእኛ ሥራ ነውር ነው፣ ፈቃድም ያሳጣል። ቢሆንም ቤቱ የሚመረመርበት የኢንስፔክሽኑ ቀነ ገደብ ካለፈ ለተ ከውሉ በቀላሉ አትወጣም። ቁልፌን አንስቼ ቱክዊላ ሄድኩ።

ፓርክ አድርጌ አንኳኳሁ። ለተ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና እጇን አጣምራ «ጋሽ ንጉሤ፣ በጣም ነው የማከብርዎት። ግን ቀንተው ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» አልኩ። «ድብን ብዬ ነው የቀናሁት። ስትሄጂብኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባልቀና ኖሮ የዚያችን ልጅ ላይቭ ቁጭ ብዬ አላይም፣ ይኼንንም አላገኘውም። እኔን አትመኚ። ሸሪፍ ቢሮ ደውዪ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ‹ከሁለትና ከሦስት የሚብሰው የቱ ነው?› በይ። እኔ እዚሁ እቆማለሁ።»

«እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው አይቼ አላውቅም» አለችና ስልኳን አወጣች። ስፒከር ላይ አደረገችው። አስተርጓሚው መጣ፤ የሸሪፍ ቢሮው ሠራተኛ፣ አንዲት ሴት፣ በእርጋታ መለሰች። «ሌቭል ሦስት ሃይ ሪስክ ነው።»

«ሃይ? እንደ ደም ግፊት ሃይ?» አለች ለተ።

«አዎ፣ እንደዚያ» አለ አስተርጓሚው፤ ሳቁ ተሰማ።

ሴትየዋ ቀጠለች። አንድ ሕንፃ ላይ ብዙ ነጥብ ሲታይ ብዙ ጊዜ ከእስር የወጡ ሰዎች እየተጠበቁ የሚያርፉበት ቤት ይሆናል፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አይገልጽም። ካርታው የሚያሳየው የተመዘገበውን ነው፣ እሱንም ሁሉንም አይደለም፤ ያልተያዘውን ጨርሶ አያውቀውም። ልጅ ላይ ጉዳት የሚያደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ነጥብ ከመቁጠር ይልቅ ከልጆቿ ጋር መነጋገር ይበጃታል። ለተ ስልኩን ዘጋችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ሶ ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ልጆቼን በእጄ ወስጄ እዚያ በር ላይ ላስቀምጣቸው ነበር» አለች፤ አለቀሰች።

ለሰላም የደወለችላት ራሷ ለተ ናት። ቀነ ገደቡ ስላላለፈ ውሉ ፈረሰ፣ ቀብዷም ተመለሰላት። በማግስቱ ጠዋት ሰላም ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ አይ ዶንት ጌት ኢት፣ አልገባኝም። ሦስት ከሁለት አይበልጥም እንዴ?»

«ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ከወጣና ሦስተኛ ከወጣ ልጅ ማን ይበልጣል?»

አፏን በእጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ። ስንት ሰው ነው እንዲህ የሰማኝ?»

«ሁሉም» አልኳት። ማባበል አላሰኘኝም ነበር።

ያን ዕለት ላይቭ ገባች። እሑድን አልጠበቀችም። «ተሳስቻለሁ፣ ያረሙኝ ጋሽ ንጉሤ ናቸው» አለች። «ደረጃ» የሚለውን ትታ «ሌቭል ሦስት፣ በጣም የሚፈራው» ማለት ጀመረች። የሸሪፍ ቢሮው ሴት ያለችውንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። እኔ ምስጋናዬን ልለቅም አስተያየቱን ከፈትኩ። «ስህተቷን የምታምን ልጅ! እንዴት ያለች ትሑት ናት!» «ከዛሬ ጀምሮ ደላላዬ ሰላም ናት!» ወይ ጉድ! ያረምኩት እኔ፣ የተመረቀችው እሷ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

ለተ የማውንት ቤከሩን ቤት እንደገና አየችው። በጠዋት ሄደች፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ሄደች፣ ሲመሽ ከባሏ ጋር ሄደች። የጎረቤት በር አንኳኩታ አነጋገረች። ልጆቿን ከጣቢያው እስከ በሩ በእግር አስኬደቻቸው። ከዚያ ገዛችው። የገዛችው በሰላም በኩል ነው፤ ተፈራርመዋል፣ ሥራውም የእሷ ነው። መጀመሪያ ያሳየኋት እኔ መሆኔን ያስታወሰ የለም። ቢሮአችን ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ የወሩ ምርጥ ብሮከር ተብሎ የሰላም ፎቶ ተሰቀለ።

ቤት ምረቃው ላይ ለተ ከሰው ሁሉ መሐል ጎትታ የክብር ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «ጋሽ ንጉሤ ባይቀኑ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልነበርንም» አለች ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰላምም ሳቀች። ትልቋ ልጅ ኬክ አመጣችልኝ፤ ቁልፏ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

አሁን ሥራውን ልለቅ ነው፤ ለምትተኩኝ የምለው ይኼን ነው። ሰፈር አትሙ፣ አታሞግሱ፤ ክላረንስ ልክ ነበር። ደንበኛውን ግን ካርታው ፊት ብቻውን አትተዉት፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚከፋው የሚለውን መጀመሪያ አስረዱት። «ሌቭል»ን አትተርጉሙ።

የሰላምን ላይቭ እሑድ እሑድ አሁንም አያለሁ። ሌላ ስህተት አላገኘሁባትም።